የሰፈሩ ውሻ የማን ነው?



በየሰፈራችን የማይጠፋ አንድ ውሻ አለ። ቀን ከሥጋ ቤቱ ደጃፍ ወይም ከወፍጮ ቤቱ ጥግ ተጋድሞ ይውላል፤ ሲመሽ ተነሥቶ የማያውቀው ሰው ባለፈ ቁጥር ይጮሃል። አንዱ በስም ይጠራዋል፤ ሌላው ድንጋይ ያነሣበታል። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከምሳ ዕቃቸው የተረፈችውን ቁራሽ ይጥሉለታል፤ ሲላቸውም ጅራቱን ይጎትቱታል። «ይህ ውሻ የማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን የሁሉም መልስ አንድ ነው፤ «የማንም አይደለም» ይባላል። የዛሬው ዓምዳችን የሚነጋገረው የማንም አይደለም ስለተባለው ስለዚህ ውሻ ነው።

«ለሴቶችና ለቤተሰብ በተመደበው ገጽ ላይ ውሻን ምን አመጣው?» የምትሉ እናቶች እንደምትኖሩ እናውቃለን። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዚህ ውሻ ምክንያት ከሁሉ በፊት የሚጎዱት ልጆቻችን መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውሻው ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከእኛው ግቢ የወጣ መሆኑ ነው።

ከሁለተኛው እንጀምር። አንዲት ሴት ውሻ የምታረግዘው ለሁለት ወር ያህል ሲሆን፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። በአንድ ጊዜም አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቡችሎች ትጥላለች። ቡችሎቹ ዓይናቸውን እንደገለጡ ጎረቤት ይመጣና «አንድ ወንድ ስጡኝ» ይላል። ወንዶቹ ለዘበኝነት ይፈለጋሉና በየቤቱ ይከፋፈላሉ። ሴቶቹን ግን የሚጠይቅ የለም። «ነገ ወልዳ ግቢውን ትሞላዋለች» ተብለው በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በካርቶን ይታሰሩና በምሽት ከወንዝ ዳር፣ ከቆሻሻ መጣያ ገንዳ አጠገብ ወይም ከገበያ ጀርባ ይጣላሉ። የሚሞቱት ይሞታሉ። የተረፉት በዓመት ውስጥ ራሳቸው እናት ይሆናሉ። በመሆኑም ዛሬ በየጎዳናው የምናየው መንጋ የትናንቶቹ ሴት ቡችሎች ዘር ነው ማለት ይቻላል። ሴት በመሆኗ ብቻ የተጣለች ነፍስ ታሪክ ለዚህ ዓምድ አንባብያን እንግዳ የሚሆን አይመስለንም።

አሁን ወደ ልጆቻችን እንመለስ። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ከሟቾቹ የሚበዙት በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው። ከመቶ 99 ያህሉ በሽታው የሚተላለፍባቸው በውሻ አማካይነት ነው። ለበሽታው በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱትም ሰዎች ከመቶ 40 ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር በመሆኑ ፊቱና አንገቱ ለንክሻ ቅርብ ነው፤ ሮጦ አያመልጥም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውሻን ጠባይ ለይቶ አያውቅም።

የበሽታው ተሐዋሲ የሚገኘው በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻ፣ በጭረት ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ በመላስ ወደ ሰውነት ይገባና በነርቭ መሥመር ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ከዚያ ያጥራል፣ አንዳንዴም ይረዝማል። ይህ ጊዜ ለእናት የተሰጠ ዕድል ነው። ተሐዋሲው አንጎል ከመድረሱ በፊት ክትባቱ ከተወሰደ ልጁ ይድናል። ትኩሳቱ፣ ውሃ መፍራቱና መወራጨቱ ከጀመረ በኋላ ግን የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል።

ክትባቱ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ በመከተብ ሕይወቱን ካተረፈ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በአዲስ አበባ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው ሰፈርም ስሙን ያገኘው በዚሁ ሊቅ ስም ተቋቁሞ ከነበረው ተቋም ነው። በአገራችን ለረጅም ዘመን ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅና ለብዙ ቀናት በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጋ ስለነበር፣ እሱን የሚያስታውሱ ወላጆች ዛሬም መርፌውን ይፈራሉ። ዘመናዊው ክትባት ግን ክንድ ላይ የሚሰጥ ሲሆን፣ የመርፌው ቁጥርም ጥቂት ነው። እንግዲህ በአሮጌው ፍርሃት ሕፃን ሊሞት አይገባም።

እዚህ ላይ እናቶች በብርቱ ልታስቡበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጅ ተነክሶ ለወላጁ ሳይናገር የሚቀርበት ጊዜ አለ። «ውሻ አትንካ ብዬህ አልነበረም?» ተብሎ እንዳይገረፍ ይፈራል፤ መርፌውንም ይፈራል። ቁስሉ ትንሽ ከሆነ ካልሲው ይሸፍነዋል፤ በሳምንት ይድናል፤ ነገሩም ይረሳል። ወር አልፎ ልጁ ሲታመም ከውሻው ጋር የሚያያይዘው አይኖርም። ስለዚህ ለልጆቻችሁ ደግማችሁ ደጋግማችሁ መንገር ያለባችሁ «ውሻ አትንካ» የሚለውን ብቻ አይደለም። «ውሻ ከነከሰህ፣ ከቧጨረህ፣ ቁስልህንም ከላሰህ ሮጠህ መጥተህ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» የሚለውን ጭምር ንገሯቸው። ቃላችሁንም ጠብቁ። አንድ ቀን የምትውጡት ቁጣ የልጃችሁን ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል።

ታዲያ ይህን ያህል አደጋ ካለው ውሻውን ማጥፋት አይሻልም ወይ? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞችም ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ይኸው ዘዴ ነው። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ በሥጋ ተለውሶ በሌሊት በየመንገዱ ይጣላል፤ ጧት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ሬሳውን እየተሻገሩ ያልፋሉ። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው፣ ባለቤት ያለውንም ከሌለው አይለይም። አሟሟቱ በመንፈራገጥና በስቃይ ነው። ይህን ሁሉ «ለልጆቻችን ስንል» ብለን ብንታገሠው እንኳ መጠየቅ ያለበት ጥቅሙ ምንድን ነው የሚለው ነው። በዓመቱ በሰፈሩ ያለው የውሻ ብዛት ተመልሶ ያው ይሆናል። የሥጋ ቤቱ ትራፊና የቆሻሻ ገንዳው እዚያው እስካለ ድረስ የሞተውን ቦታ ሌላ ውሻ መጥቶ ይይዘዋል። የመጣው እንግዳ ውሻ ደግሞ መከተቡንና ጠባዩን የሚያውቅ የለም።

የባሊ ደሴት ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢንዶኔዥያ የምትገኘው ይህች ደሴት እ.ኤ.አ. እስከ 2008 ድረስ በሽታው አልነበረባትም። በዚያ ዓመት በሽታው ሲገባ ባለሥልጣኖቿ በቅድሚያ የወሰዱት እርምጃ መርዝ ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ፤ ከእነሱም መካከል የተከተቡ ነበሩባቸው። ሰዎች ውሻቸውን ለማትረፍ ሲሉ ወደ ሌላ መንደር አሸሹ፤ በሽታውም አብሮ ተጓዘ። የሞተባቸው ደግሞ ያልተከተበ ቡችላ ከሌላ ቦታ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2010 በበሽታው የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ80 አለፈ። በዚያን ጊዜ ለእንስሳት ደኅንነት የቆመ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር በአንዳንድ ወረዳዎች ውሾችን በመረብ እየያዘ በመከተብ ሌላ መንገድ መኖሩን አሳየ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መላ ደሴቲቱን ያዳረሰ ዘመቻ ተጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ ውሾች ተከተቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ በበሽታው የሚሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ10 በታች ወረደ።

በህንድ አገር በጃይፑር ከተማም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል። በዚያ የሚገኝ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1994 መጨረሻ እስከ 2002 ድረስ ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ የሰፈር ውሾችን እየያዘ ከተበ፤ እንዳይወልዱም አመከነ፤ ከዚያም ወደተያዙበት ሰፈር መለሳቸው። በዚህም የውሾቹ ብዛት በ28 በመቶ ቀነሰ። ሥራው በተካሄደበት የከተማው ክፍልም በበሽታው የሚሞት ሰው እስከ መጥፋት ደረሰ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ከመቶ 70ዎቹ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ሁሉንም መያዝ አያስፈልግም ማለት ነው።

ከሩቅ አገር ወደ ራሳችን እንምጣ። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከአገራችን ውጭ በየትም አይገኝም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ተደምረው 500 አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2003 ከመንደር ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ በአንድ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስቱን ያህል ፈጀ። ቀበሮዎቹን ለማዳን የተቋቋመው ፕሮግራም ከሚያከናውናቸው ዋና ዋና ተግባራት አንዱ የእረኞቹን ውሾች መንደር ለመንደር እየዞሩ መከተብ ነው። የውሻው ጤንነት የቀበሮው፣ የከብቱና የሰውም ጤንነት መሆኑን የአካባቢው ሕዝብ በሥራ አይቶታል።

እንግዲህ ለጎዳና ውሾች የሚደረግ በጎ አድራጎት ስንል ይህንን ማለታችን ነው። ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። ውሻው ሳይደበደብ በመረብ ወይም በለመደው ሰው እጅ ይያዛል። የእንስሳት ሐኪም በማደንዘዣ አስተኝቶ ያመክነዋል፤ ይከትበዋል፤ እከክና የሆድ ትል ካለበትም ያክመዋል። እንደገና እንዳይያዝ ከጆሮው ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት ይደረግበታል። ቁስሉ እስኪጠግ ድረስ ተጠብቆ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል። «ለምን ይመለሳል?» ለሚለው መልሱ፣ ውሻ በበላበት ይጮሃል እንደሚባለው ነው። የተከተበውና የማይወልደው ውሻ ሰፈሩን ይዞ እስከቆየ ድረስ ያልታወቀ ውሻ በቀላሉ አያስገባም።

በብዙ ሰፈር ከቤቷ የተረፈውን ፍትፍት አውጥታ ለውሾች የምትሰጥ አንዲት እናት አትጠፋም። ጎረቤት ይስቅባታል፤ «ውሻ ሰብሳቢ» ይላታል። ይሁን እንጂ ከታቢዎች ወደ ሰፈሩ በሚመጡበት ቀን ከሁሉ ይልቅ የምትጠቅመው እሷ ናት። ውሾቹ ድምፅዋን ያውቃሉ፤ ስትጠራቸው ይመጣሉ፤ ሳይናከሱ በእጇ ይያዛሉ። ስንት ሴትና ስንት ወንድ እንዳለ፣ የትኛዋ እንዳረገዘች፣ የትኛው ከሰሞኑ ጠባዩን እንደለወጠ የምትነግረን እሷ ናት። ይህችን እናት ልናግዛት እንጂ ልንስቅባት አይገባም። ለእሷም የምንላት አለን፤ ማብላት ብቻውን በቂ አይደለም፤ የበላው ካልተከተበና ካልመከነ ምግቡ የሚያፈራው ተጨማሪ ቡችላ ነው።

«ሰው ጎዳና ላይ እያደረ ለውሻ ማዘን ምን ይባላል?» የሚል ወቀሳም ይሰማል። ወቀሳው ቀላል አይደለም፤ ተመልሶ መታየት አለበት። ከውሾቹ ጋር ተቃቅፈው ሌሊቱን የሚያሳልፉት እነማን እንደሆኑ አስቡ። መኖሪያ የሌላቸው ልጆች ናቸው። ውሻው ቢታመም መጀመሪያ የሚነከሱት እነሱ ናቸው፤ እጃቸውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስድ ወላጅ የሌላቸውም እነሱ ናቸው። አንድ ውሻ መከተብ የተነከሰ ሰው ከመከተብ እጅግ የሚቀል ወጪ ነው። ስለዚህ ለውሻው የሚደረገው ደግነት ከድኻው ልጅ አፍ የተነጠቀ ሳይሆን ለዚያው ልጅ የተደረገ ጥበቃ ነው።

ውድ እናቶችና ሠራተኞች፣ ከዚህ በታች የምንዘረዝረው እያንዳንዳችሁ ገንዘብ ሳታወጡ ወይም በጥቂት ወጪ ልትፈጽሙት የምትችሉት ነው።

አንደኛ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ውሻ ካለ ሦስት ወር እንደሞላው አስከትቡት፤ በየዓመቱም ክትባቱን አስደግሙለት። የምስክር ወረቀቱን ከልጆቻችሁ የክትባት ካርድ ጋር አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ ሴት ቡችላ አትጣሉ። የእንስሳት ክሊኒክ በሚገኝበት ቦታ እናቲቱን አስመክኗት። ይህ ካልተቻለ ደግሞ በምትፈልግበት ወቅት ግቢ ውስጥ ዘግታችሁ ጠብቋት። የመከነች ሴት ውሻ እንደ ወንዱ ሁሉ ግቢ ትጠብቃለች፤ ወንዶችንም በደጃፋችሁ አትሰበስብም።

ሦስተኛ፣ በበዓል ቀን በግቢያችሁ በግ ሲታረድ ጉበቱንና ሳንባውን ተመልከቱ። ውሃ የቋጠረ እብጠት ካለበት ጥሬውን ለውሻ አትጣሉ። ውስጡ ያለው ትል በውሻው ሆድ ያድግና እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ በልጆች እጅ በኩልም ተመልሶ ወደ ሰው ይገባል። እንዲህ ዓይነቱን ሆድ ዕቃ ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ይገባል። ልጆችም ውሻ ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

አራተኛ፣ ልጆቻችሁ የሚበላ፣ የተኛና ቡችሎች የምታጠባ ውሻ እንዳይነኩ አስተምሯቸው። ውሻ ሲመጣባቸው ከመሮጥና ከመጮህ ይልቅ እጃቸውን ወደ ሰውነታቸው ሰብስበው ቀጥ ብለው መቆም እንዳለባቸው ንገሯቸው። ድንጋይ የሚወረውረው ልጅ የሚነከስ ልጅ መሆኑንም አስረዷቸው።

አምስተኛ፣ ሰው ከተነከሰ ወዲያውኑ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። ይህ ቀላል ነገር ሕይወት ያድናል። ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ጋዝ አታድርጉበት። ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የታዘዘውን ክትባት ቁስሉ ዳነ ብላችሁ መሃል ላይ አታቋርጡ። ጸሎትና ጠበል የሚሹ ወገኖች ከመርፌው ጋር ጎን ለጎን ሊያደርጉት ይችላሉ፤ መርፌውን ትቶ የመድኃኒት አዋቂ ቤት መሄድ ግን የተሰጠውን ውድ ጊዜ ማባከን ነው።

ስድስተኛ፣ የነከሰውን ውሻ ቸኩላችሁ አትግደሉት። ሳይነካካ መያዝ የሚቻል ከሆነ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቅ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ ለተነከሰው ሰው የሚወስነውን ውሳኔ ያቀልለታል። ያለምክንያት የሚናከስ፣ ምራቁን የሚያዝረከርክ፣ መንጋጋው የወደቀ፣ እንጨትና ድንጋይ የሚያኝክ ወይም ጨለማ ፈልጎ የሚደበቅ ውሻ ስታዩ ግን አትቅረቡት፤ ለቀበሌያችሁና ለእንስሳት ሐኪም አስታውቁ።

ሰባተኛ፣ በእድራችሁ ወይም በማኅበራችሁ ስትሰበሰቡ ጉዳዩን አንሡት። በሰፈራችሁ ያሉትን ውሾች ቁጠሩ፤ ቁጥሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ጽሕፈት ቤት ሂዱና የክትባት ቀን ይመደብላችሁ ዘንድ ጠይቁ። ሥጋ ቤቶችም አጥንትና ጅማት በራፋቸው ላይ እንዳይጥሉ ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየዓመቱ መስከረም 18 ቀን ገደማ፣ ፓስተር ያረፈበትን ዕለት ምክንያት በማድረግ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን በመላው ዓለም ይታሰባል። ዕለቱ ከመስቀል በዓል ማግሥት ላይ የሚውል በመሆኑ ለማስታወስ አያስቸግርም። አንድ ሰፈር ይህን ቀን ውሾቹን የሚያስከትብበት ቀን ቢያደርገው መልካም ነው።

መንግሥታትና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2030 ከውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ዕቅድ ይዘዋል። ክትባቱን ማቅረብ፣ ባለሙያ ማሠልጠንና መርዙን በክትባት መተካት የእነሱ ድርሻ ነው። ነገር ግን ከረጢቱን ወደ ወንዝ ዳር የሚወስደው የእኛው እጅ ነው፤ የተነከሰው ልጅም በቅድሚያ የሚያየው የእኛን ፊት ነው። ይህ ክፍል በየትኛውም ጽሕፈት ቤት ዕቅድ ውስጥ ስለማይገባ ለእናንተ የተተወ ነው።

የሰፈሩ ውሻ የማን ነው? ሌሊት የሚጮኸው ለእናንተ ቤት ነው፤ የሚበላው የእናንተን ትራፊ ነው፤ የሚላሰውም የእናንተ ልጅ እጅ ነው። እንግዲያውስ የእናንተ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ጧት ቡናው ከመፈላቱ በፊት ከጎረቤታችሁ ጋር ወጣ በሉና ቁጠሯቸው፤ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ነው።